ጽጌረዳ የገባበት ወተት

ባለፈው ስለ እርጎ አረጋግ የጻፍኩትን ያነበበች አንዲት እናት መልእክት ልካልኛለች። የ6 ዓመት ሴት ልጇ ወተት ሲቀርብላት አፍንጫዋን ይዛ እንደምትሸሽ ትገልጽና፣ «ጎረቤቴ ከዱባይ ስትመለስ ሮዝ ቀለም ያለው፣ አበባ አበባ የሚሸት ወተት ለልጆቿ ስታጠጣ አየሁ። ልጄም ቀምሳ ወደደችው። አሠራሩን ብትነግሪኝ» ትላለች። እዚህ ድረስ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ የሚል ጨምራበታለች፦ «ለልደቷ የመጣልን እቅፍ ጽጌረዳ ገና አልጠወለገም፤ እሱን ቀቅዬ ብጠቀም ይሆናል?»

ከዚህኛው መልስ ልጀምር። አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ወደ ታች ወርደን እናወራለን። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንቀጾች ብቻ አንብባችሁ ወደ ማጀት የምትሮጡ ስላላችሁ (አውቃችኋለሁ) አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም።

አሁን ወደ ወጌ ልምጣ። የአበባ ወተት የእኔም ቤት የገባው በዚሁ ዓመት ነው። ታናሽ እህቴ ቤይሩት 9 ዓመት ሠርታ ተመለሰች። ስትጦራቸው የነበሩት አሮጊት ስላረፉ ነው የመጣችው። ሻንጣዋ ሲከፈት ልብስ ወጣ፣ ሳሙና ወጣ፣ ለልጆቹ ቸኮሌት ወጣ፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ በፎጣ የተጠቀለሉ 2 ጠርሙሶች ተገኙ። ሽቶ መስሎኝ ክዳኑን ከፍቼ አንገቴን ልቀባ ስል «ኧረ እትዬ፣ የሚጠጣ ነው!» ብላ ነጠቀችኝ። አንደኛው የጽጌረዳ ውሃ ነው፤ እነሱ ማወርድ ይሉታል። ሁለተኛው ከመራራ ብርቱካን አበባ የሚወጣ ውሃ ነው፤ እሱን ደግሞ ማዛህር ይሉታል። ሊባኖስ ውስጥ እነዚህ ሁለት ጠርሙሶች የሌሉበት ወጥ ቤት ማግኘት፣ እኛ ጋ በርበሬ የሌለበት ቤት እንደማግኘት ነው አለችኝ።

ያን ጊዜ እናታችን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከሆስፒታል ከወጣች 3ኛ ሳምንቷ ነበር። ሰውነቷ አልቋል። ሐኪሟ «እህሉ እስኪሄድላት ድረስ ወተት አታጓድሉባት» ብሎናል። እማዬ ግን የከተማ ወተት አይሆንላትም። ገጠር ነው ያደገችው፤ ለእሷ ወተት ማለት በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ የታለበ፣ ገና ከበር ሲገባ የሚሸት ነው። የላስቲኩን ወተት አፍልተን ስናቀርብላት አንዴ ጎንጨት ታደርግና «ይሄ ምን ይሸታል? ምንም!» ብላ ታስቀምጠዋለች። ማር ብንጨምር፣ ቀረፋ ብንጨምር ያው ነው። ኩባያው ሳይጎድል ተመልሶ ሲመጣ ማየት እንዴት እንደሚያስጨንቅ በሽተኛ ያስታመመ ያውቀዋል።

እህቴ ከመጣች ጀምሮ እምብዛም አታወራም ነበር። ስለዚያ አገር ስንጠይቃት «ደህና ነበርኩ» ትላለች፤ በቃ፣ ያልቃል። አንድ ማታ ግን ከእማዬ መኝታ ቤት ሙሉውን ኩባያ ይዤ ስወጣ ተቀበለችኝና ምድጃው ጋ ቆመች። ወተቱን መልሳ በትንሹ አሞቀችው። ከእሳቱ አወረደችው። ከዚያ ከጠርሙሱ በሻይ ማንኪያ ግማሽ ለክታ ጠብ አደረገችበት። ወጥ ቤቱ በሙሉ ተቀየረ። እማዬ ገና ኩባያው አፏ ሳይደርስ «ምንድን ነው ይሄ የሚሸተው?» አለች፤ ጠጣችው፤ ግማሽ ድረስ። ለእኛ ያ ግማሽ ኩባያ ትልቅ ነገር ነበር።

በማግስቱ እኔ ደግሞ ያየሁትን ልሠራ ተነሳሁ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንዲያ ካደረገ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ምን ያደርግ ይሆን ብዬ ገለበጥኩበት። እማዬ ቀመሰችና ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ ልታጠጪኝ ነው ልታጥቢኝ?»

ስለዚህ የአበባ ወተት የመጀመሪያው ሕግ መጠን ነው። የጽጌረዳ ውሃ በጥቂቱ ሲሆን ጠረን ነው፤ ሲበዛ ሳሙና ነው። ለአንድ ብርጭቆ ወተት (ሩብ ሊትር ያህል) ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ለምዳችሁት ካነሳችሁ ወደ አንድ ማንኪያ ማሳደግ ትችላላችሁ፤ ከዚያ ማለፍ ግን አልመክርም። የየአምራቹ ጥንካሬ ስለሚለያይ አዲስ ጠርሙስ በከፈታችሁ ቁጥር ከጥቂት ጠብታ ጀምራችሁ ቅመሱ።

ሁለተኛው ሕግ የእሳቱ ነገር ነው። የአበባ ሽታ የሚመጣው በቀላሉ ከሚተኑ ዘይቶች ነው። ወተቱ እየፈላ ብትጨምሩበት ሽታው ለጎረቤት ይደርሳል፣ ኩባያው ውስጥ ግን አታገኙትም። ወተቱ ይፍላ፣ ይውረድ፣ ለመጠጣት እስኪመች ትንሽ በረድ ይበል፤ ያኔ ነው የሚገባው። የደረቀ አበባ የምትዘፈዝፉ ከሆነም እሳቱን አጥፍታችሁ፣ ክደኑት።

ወተት ደግሞ ለዚህ ሥራ ከውሃ የተሻለ የሚሆንበት ምክንያት አለው። እነዚያ ዘይቶች ቅባት ይወዳሉ፤ ወተቱ ውስጥ ያለው ቅባት ሽታውን ይዞ አፍ ውስጥ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ቅባቱ የወጣለት ወተት ላይ ያንኑ መጠን ብትጨምሩ ሽታው ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። እናቶቻችን ዕቃውን በወይራ ሲያጥኑ ጭሱ ወተቱ ውስጥ፣ ቅቤው ውስጥ፣ አይቡ ውስጥ ሳይቀር ዘልቆ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። እማዬ የጽጌረዳውን ወተት የተቀበለችው ጽጌረዳ ስለምትወድ አይመስለኝም። ወተት መሽተት አለበት ብላ ስለምታምን ነው።

ትኩሱ አሠራር ከላይ የነገርኳችሁ ነው። ቀዝቃዛውን፣ ማለትም ጠያቂያችን ጎረቤቷ ቤት ያየችውን ሮዝ ወተት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሽሮፕ ያስፈልጋችኋል። በሕንድና በፓኪስታን ሮህ አፍዛ የሚባል ቀይ ሽሮፕ አለ፤ ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው፤ በረመዳን ለማፍጠሪያ ከቀዝቃዛ ወተት ጋር ይበጠበጣል። በማሌዥያና በሲንጋፖር ባንዱንግ የሚሉት መጠጥም የጽጌረዳ ሽሮፕና የታሸገ ወተት ነው። ዱባይ የእነዚህ ሁሉ አገሮች ሰው የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች ጎረቤቲቱ ከዚያ ማምጣቷ አያስገርምም። የሱቁ ሽሮፕ ግን አብዛኛው ስኳርና ቀለም ነው። ቤት የሚሠራው ይሻላል፦ አንድ ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍሉና አንድ ስስ ቁራጭ ቀይ ስር ጣሉበት። ለ5 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ቀይ ስሩን አውጡት፤ ሽሮፑ ሲቀዘቅዝ 2 የሾርባ ማንኪያ የጽጌረዳ ውሃ ጨምሩበት። በንጹህ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ 2 ሳምንት ይቆያል። ለአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ወተት ከዚህ ሽሮፕ አንድ የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው፤ ቀለሙ ልጅ የሚያስደስት ሮዝ ይሆናል። ቀይ ስሩን ካበዛችሁት አፈር አፈር ይላል፤ እኔ አድርጌዋለሁ።

«ቀለሙን ከጽጌረዳው ቅጠል ለምን አናወጣም?» የሚል ይኖራል። ሞክሩት፤ የጽጌረዳ ቀይ ቀለም ወተት ውስጥ ሲገባ ወደ ግራጫነት ይሄዳል። ቀለሙን ደማቅ የሚያደርገው ኮምጣጣ ነገር ነው፤ ኮምጣጣ ደግሞ ወተት አይወድም።

በዚሁ አጋጣሚ ከርከዴን ልጥቀስ። አበባ ነው፣ ቀለሙም ያምራል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ትኩስ ወተት ላይ ሊጨምረው ይሞክራል። አይብ መሥራት ካልፈለጋችሁ በቀር አታድርጉት። ከርከዴ እንደ ሎሚ ኮምጣጣ ስለሆነ ወተቱ ወዲያው ይበጣጠሳል። ከርከዴ የግድ ካላችሁ በስኳር ያፈላችሁትን አቀዝቅዛችሁ ከቀዝቃዛ እርጎ ጋር ምቱት፤ እርጎ አስቀድሞ የረጋ ስለሆነ አያስደነግጠውም።

ማዛህሩ፣ ማለትም የብርቱካን አበባ ውሃው፣ ለእኔ ከጽጌረዳው ይበልጥብኛል። ሊባኖሶች የፈላ ውሃ ላይ ጠብ አድርገው ከስኳር ጋር ሲጠጡት ነጭ ቡና ይሉታል፤ ቡና ግን የለበትም። ከወተት ጋር ደግሞ የክረምት መጠጥ ይሠራሉ፤ ሳህለብ ይባላል። ዋናው ሳህለብ ከኦርኪድ ሥር በሚፈጭ ዱቄት የሚወፍር ነው፤ እሱ ውድ ስለሆነ በየቤቱ የበቆሎ ስታርች ይጠቀማሉ። እህቴ እንዲህ ትሠራዋለች፦ ከ2 ብርጭቆ ወተት ላይ ትንሽ ቀንሳ በቀዝቃዛው አንድ ከግማሽ የሾርባ ማንኪያ ስታርች ትበጠብጣለች። የቀረውን ወተት ከ2 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ጥዳ ሲሞቅ ብጥብጡን ትጨምራለች፤ እጇ ከማማሰያው አይለይም፤ አጥሚት መስሎ ሲወፍር ታወርደዋለች። አንድ የሻይ ማንኪያ ማዛህር ታክልና ከላይ ቀረፋ ትነሰንሳለች። ወፈር ስለሚል ሆድ ይይዛል፤ እህል እምቢ ለሚል በሽተኛ ጥሩ ነው። ለእማዬ ማታ ማታ የሚሰጣት ይኸው ሆነ።

እህቴ ስለ ቤይሩት ማውራት የጀመረችውም ይህን ስታማስል ነው። የምታማስለውን ጥላ መሄድ ስለማትችል ይሁን፣ ፊቷን ወደ ምድጃው ስለምታዞር ይሁን አላውቅም። አሮጊቷ ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው፣ በ8 ሰዓት ሌሊት ደወል አድርገው እንደሚጠሯት፣ ወተቱን በብርቱካን አበባ ካልሠራችላቸው እንደማይተኙ ነገረችኝ። መጀመሪያ ዓመት ትጠላቸው ነበር። «ኋላ ኋላ እኔም ሳልጠጣ መተኛት አቃተኝ» አለች። ጠርሙሶቹን የሰጡዋት ልጆቻቸው ናቸው፤ ከቀብር በኋላ ምን ውሰጂ ቢሏት እነሱን ጠየቀች። ጥያቄ ልጨምር ስል «እትዬ፣ ስኳር አቀብዪኝ» አለችኝ። አቀበልኳት።

ወደ ልደቷ እቅፍ ጽጌረዳ እንመለስ። አገራችን ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ ናት፤ ዝዋይ፣ ሆለታ፣ ሰበታ አካባቢ ያሉትን የላስቲክ ቤቶች ከመንገድ ያላየ የለም። በየአበባ መሸጫው የምናገኘው ጽጌረዳም በአብዛኛው የዚያው ዘር ነው። ይህ አበባ የሚመረጠው ግንዱ እንዲረዝም፣ ማስቀመጫ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ ነው፤ ለሽታ አይደለም። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ ብታሸቱት አብዛኛው ምንም አይሸትም፤ የማይሸት አበባ ደግሞ ወተቱን ምን ያሸተዋል? ትልቁ ችግር ግን መድኃኒቱ ነው። የአበባ እርሻ ላይ ለዓመታት የሠራ የሰፈራችን ልጅ አለ። መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ላስቲክ ቤቱ መግባት እንደማይፈቀድላቸው፣ የሚረጩትም ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ተሸፍነው እንደሚገቡ አጫውቶኛል። ሰላጣና ቲማቲም ላይ ሊቀር የሚችለው የፀረ ተባይ መጠን ገደብ አለው፤ የጌጥ አበባ ግን ይበላል ተብሎ ስለማይታሰብ በዚያ መለኪያ አይታይም። ማጠብም ማፍላትም መፍትሔ አይደለም፤ ከመድኃኒቱ አንዳንዱ ተክሉ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ዓይነት ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ የተከላችሁት፣ ምንም ያልተረጨበት፣ የሚሸት ጽጌረዳ ካለ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ቅጠሉን ልቀሙ፤ ሽታው የሚበዛው ያኔ ነው። መንገድ ዳር የመኪና ጭስ ሲጠጣ የዋለውን ተዉት። የጽጌረዳ ውሃውን ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፦ ሰፊ ድስት መሐል አንድ ሳህን ድፉና በላዩ ላይ ባዶ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡ። ቅጠሉን ዙሪያውን በትኑ፤ ውሃ ቅጠሉን እስኪሸፍነው ብቻ ጨምሩ። የድስቱን ክዳን ገልብጣችሁ ክደኑ፣ እጀታው ወደ ውስጥ ይሁን። ክዳኑ ላይ በረዶ ደርድሩና በዝቅተኛ እሳት ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ውሃ ሆኖ በእጀታው በኩል ወደ ጎድጓዳው ሳህን ይንጠባጠባል። ጠላችንን ትታችሁ አረቄ ስታወጡ ያያችሁት ሥራ ነው። ብዙ አትጠብቁ፤ አንድ ሻሽ ሙሉ ቅጠል አንድ ስኒ ሽታ ያለው ውሃ ቢሰጣችሁ ደግ ነው። በፍሪጅ አስቀምጡትና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጨርሱት።

ከሱቅ ስትገዙም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በመዋቢያ መደርደሪያ የሚቀመጠው የጽጌረዳ ውሃ ለፊት ነው፤ ግሊሰሪንና ሽቶ ሊኖርበት ይችላል። የሚጠጣው ከምግብ ዕቃ ጋር የሚሸጥ፣ ውሃና ጽጌረዳ ብቻ የሚል ነው።

ከካሞማይል የሚሠራውም ቀላል ነው፤ አንድ የሻይ ከረጢት ትኩስ ወተት ውስጥ ለ7 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፎ ማውጣት ነው። ማር ይስማማዋል። ለአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ እርጉዞችም ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ላቬንደር የሚወዱ አሉ፤ እኔ ልብስ ሳጥን ውስጥ ነው የምወደው።

አንድ ነገር ግን ረገጥ አድርጌ ልናገር። «አበባ ወተት ውስጥ ይገባል» ተብሎ ያገኙትን አበባ መቅጠፍ አደገኛ ነው። በየአጥሩ የሚንጠለጠለው ትልቅ ጥሩምባ መሳይ አበባ፣ አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የምንለው ዘመዱ፣ በየመንገዱ አካፋይ የሚተከለው ሮዝ አበባ ያለው ኦሊያንደርም መርዛም ናቸው፤ ሰው ይገድላሉ። ማፍላት መርዛቸውን አያጠፋውም። ልጆች አበባ ለቅመው «ወተት እንሥራ» ብለው እንዳይጫወቱ አስተምሯቸው።

ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ልጅሽም ሁለት ቃል። ወተት የምትጠላው ጣዕሙን ከሆነ ከላይ ያለው ሮዝ ወተት ይረዳሻል፤ ስኳሩን ከሳምንት ሳምንት እየቀነስሽ ሂጂ። ነገር ግን ወተት ጠጥታ ሆዷን የሚነፋት፣ የሚቆርጣት ወይም የሚያስቀምጣት ከሆነ ችግሩ ጣዕም አይደለም። የወተቱን ስኳር መፍጨት የሚያቅታቸው ልጆችም አዋቂዎችም ብዙ ናቸው፤ ጽጌረዳ ቢገባበትም ያው ያማታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሆድ እርጎ ይቀላል፤ ሐኪምም ይያት። ከሰፈር ላም የምትገዢ ከሆነ ሳታፈዪ አትስጫት፤ ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ያስተላልፋል። ቤት ውስጥ ከ1 ዓመት በታች ሕፃን ካለ ደግሞ ማር ያለበትን ነገር ከእሱ አርቂ።

ለጾም የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ በአኩሪ አተር ወተት ሞክሬው ጥሩ ሆኗል። በሱፍ ግን አትድከሙ፤ የሱፍ ጠረን ራሱን ችሎ ቤት የሚሞላ ስለሆነ ጽጌረዳውን ይውጠዋል።

እማዬ አሁን ቆማ ትሄዳለች፤ ሽሮም ፍትፍትም ይሄድላታል። የቤይሩቱ ማዛህር ባለፈው ወር አለቀ። እህቴ ባዶውን ጠርሙስ አልጣለችውም፤ አጥባ መስኮቱ ላይ አስቀምጣዋለች። እዚህ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ አግኝታ የገዛችው አዲሱ ጠርሙስ ደከም ያለ ስለሆነ መጠኑን ወደ አንድ ከግማሽ ማንኪያ ከፍ አድርገነዋል። እማዬ ግን ልዩነቱን አውቃለች። ትናንት ማታ ኩባያውን ተቀብላ አሸተተችና «ይሄ የድሮው አይደለም» አለች፤ ከዚያ ጨርሳ ጠጣችው።

ሳምንት ደግሞ «ቅቤዬ ለምን ኮመጠጠ?» ላላችሁኝ መልስ ይዤ እመጣለሁ።